ፓውዛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባ

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ

አሰላሙ አለይኩም አባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እማን የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት አደረጋት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት። ዘይቱኑ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል።

ትናንት ወንድሜ ደውሎ ጎረቤታችን ያለችዎትን ነገረኝ። «ልጅዎ መብራት አጥፍታ ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ጓሮ ትቆማለች፤ ቀይ መብራትም ታበራለች» ብላዎታለች። እንቅልፍ እንዳጡም ሰማሁ። በስልክ ላስረዳዎት ሞክሬ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረ፣ እኔም ቃል አጠረኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

አዎ፣ ፓውዛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሰማይ ፎቶ እያነሳሁ ነው።

ጨረቃን ማለቴ አይደለም። ጨረቃንማ ማንም በስልኩ ያነሳታል። እኔ የማነሳው ከዚያ ማዶ ያለውን ነው፤ ኮከብ የሚወለድበትን የጋዝ ደመና፣ እንደ ንብ መንጋ የተጠጋጉ ከዋክብትን፣ ከኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎችን፣ ማለትም ሌሎች ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦችን። የማይታዩን ትንንሽ ሆነው እንዳይመስልዎት። አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ በሰማይ ላይ የያዘው ቦታ ርዝመቱ ከሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ብርሃኑ ግን በጣም ደካማ ነው። የፓውዛ ብርሃን ሲነሳ እሱ ይሰጥማል።

ዓይናችን ብርሃን አያጠራቅምም። ያየውን ወዲያው ይለቀዋል። ካሜራ ግን የጣሪያ ጠብታ እንደሚቀበል ባልዲ ነው። ከፍተው ከተዉት ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል። ችግሩ ምድር መዞሯ ነው። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ትጨርሳለች። በኔ ሌንስ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየሁ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጭረት ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው ከሰማዩ ጋር መዞር አለበት። የሚያዞረውን መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት በኔ ደመወዝ አይታሰብም።

እዚህ ላይ ይቅርታ ልጠይቅዎት። መጋዝዎንና መላጊያዎን ነክቻለሁ። ዘይት ቀብቼ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ።

የሠራሁት ነገር ሁለት ሳንቃ ነው። በአንድ ጫፋቸው በማጠፊያ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ይከፈታሉ። ማጠፊያው ከድሮው የጓዳ በር የተረፈው ነው። የታችኛው ሳንቃ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ካሜራውን ይሸከማል። ከማጠፊያው 22.9 ሴንቲ ሜትር ርቄ በስቼ ረጅም ብሎን ከነዳዶው አስገብቻለሁ። ብሎኑ አንድ ዙር ሲዞር ሳንቃው አንድ ሚሊ ሜትር ይከፈታል። በደቂቃ አንድ ዙር ካዞርኩት ሳንቃው ልክ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ይከፈታል። ልኬቱን ሒሳብ ሠርቼ ሳገኘው ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ሚሊ ሜትር የሳተ በር አይገጥምም ይሉን አልነበር? ሰማዩም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ስበሳው ትንሽ ስቼ ነበር፤ ኮከቡ ሁሉ የሩዝ ፍሬ መሰለ። እንደገና ለክቼ በሳሁት።

ሞተር የለውም። በየ15 ሴኮንዱ ሩብ ዙር በእጄ አዞራለሁ። ሰዓቴን የማየው በባትሪ ነው፤ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ አንድ የነጭ ብርሃን ብልጭታ ደግሞ ያን ሁሉ ያፈርሰዋል። ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይጎዳውም። ጎረቤታችን ያየችው ቀይ መብራት ይኸው ነው። ነገ ቡና ጠርቼ አሳያታለሁ።

ከቤት ርቄ ጉድጓዱ ጋ የምቆመውም ምክንያት አለው። የማጠፊያው መስመር ወደ ሰሜን ኮከብ መጠቆም አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰሜን ኮከብ ዝቅ ያለች ናት፣ 11 ዲግሪ ብቻ። ክንድዎን ዘርግተው ቡጢ ቢጨብጡ፣ ከአድማሱ በላይ አንድ ቡጢ ያህል ነው። ባህር ዛፉና ኮረብታው ይጋርዷታል። ከዚያች ጥግ ብቻ በሁለት ግንድ መሀል ትታያለች።

ደግሞም በየሌሊቱ አልወጣም። ጨረቃ ካለች ሥራ የለም። የምወጣው የጨረቃ ወር ሊያልቅ ሲልና አዲሱ ሲገባ ነው። አንቱ ወሩን ስለሚቆጥሩ ከዚያው ሆነው ያውቁታል፤ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ሲሆን ልጅዎ ጓሮ ናት፣ አሥራ አምስት ሲሆን ተኝታለች። ጋቢ ደርቤ ነው የምወጣው። በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ውሻውም አብሮኝ ነው።

አንዱን ፎቶ 30 ሴኮንድ አነሳለሁ፣ እንደዚያ እያልኩ መቶ ጊዜ። አንዱ ብቻውን ቢያዩት አሸዋ የተበተነበት ጨርቅ ይመስላል። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ብጥስጣሽ ነጠብጣብ አለ። መቶውን አንድ ላይ ሲያደራርቡት ግን ነጠብጣቡ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። ለምን መሰለዎት? የመንዙማ ሌሊት ያስታውሱ። ብቻውን ያወጣ ሰው ድምፁ ቢሰነጠቅ ሁሉም ይሰማዋል። መቶ ሰው ሲቀበል ግን የአንዱ ስንጥቅ ከሌላው ስንጥቅ ጋር አይገጥምም። የሚገጥመው ዜማው ነው፣ ስለዚህ ጎልቶ የሚወጣው እሱ ነው። ኮከቡ በመቶው ፎቶ ላይ ቦታው አንድ ነው። ነጠብጣቡ ግን በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ቦታ ነው። ማደራረቡን ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ ሲሪል በሚባል ነፃ ፕሮግራም።

ለእማ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ነጩን ነጠላዋን ተጠቅሜበታለሁ። ጎህ ሲቀድ ሌንሱ ላይ ወጥሬ ባዶ ነጭ ፎቶ አነሳለሁ። የአቧራውን ጥላ ኮምፒውተሩ ከዚያ አይቶ ያጠፋዋል። አጥቤ ሳጥኗ ውስጥ መልሼዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ክረምቱ ሁሉ ደመና ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት ሌንሱን ያለብሰዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብሎን ሳዞር ቆይቼ ሳየው ሁሉም ፎቶ ጉም ሆኖ ያገኘሁበት ሌሊት አለ። አለቀስኩ። አሁን ጨው አሙቄ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ሌንሱ አንገት ላይ አስራለሁ። ሙቀቱ ጤዛውን ይከለክለዋል።

በጥቅምት የሆነውን ያስታውሱ ይሆን? ለሱብሂ ውዱእ ሊያደርጉ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። እኔ ጉድጓዱ ጋ ነበርኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። በምሥራቅ በኩል ነጣ ያለ ብርሃን እንደ ዓምድ ወደ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ የከተማ መብራት መስሎኝ ተናደድኩ፣ ፎቶዬን አበላሸብኝ ብዬ። አንቱ ምን እየሠራሁ እንደሆነ እንኳን አልጠየቁኝም። ቀና ብለው አይተው «ይቺ ውሸተኛዋ ጎህ ናት፤ ሱብሂ ገና ነው» አሉኝ። የእውነተኛው ጎህ ወደ ጎን እንደሚሰፋ፣ ውሸተኛው ግን እንደ ተኩላ ጅራት ወደ ላይ እንደሚቆም ነገሩኝ። ትንሽ ቆይተው ገቡ።

አባ፣ ያ ብርሃን በሥነ ፈለክ ስም አለው። ፀሐይንና ፕላኔቶችን ተከትሎ በጠፈር ላይ የተበተነ ደቃቅ አቧራ አለ። ፀሐይ ሳትወጣ ያን አቧራ ታበራዋለች። የዞዲያክ ብርሃን ይሉታል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆምልናል፣ ራቅ ብለው በሰሜን ያሉ አገሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ አጋድሎ አድማሱ ላይ ይጠፋባቸዋል። እኔ ካነበብኩት ሁሉ በፊት አንቱ በዓይንዎ ታውቁት ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ይህን ሥራ ከአንቱ መደበቅ እንደሌለብኝ የገባኝ። ግን ሳልነግርዎት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

አሁን ያነሳሁትን ልንገርዎት። በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ኦሪዮን፣ ሰይፍ የታጠቀ አዳኝ ይመስላል የሚሉት የከዋክብት ስብስብ፣ አናታችን ላይ ይሆናል። ሦስቱ ኮከቦች ተሰልፈው የሚታዩበት ማለት ነው። ከታች እግሩ ላይ ያለው ብሩህ ኮከብ ሪጅል ይባላል፤ በመድረሳ እንደተማሩት በዐረብኛ እግር ማለት ነው። ፈረንጆቹም እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ከሦስቱ በታች፣ ሰይፉ በሚሉት ቦታ ላይ፣ የኦሪዮን ኔቡላ የሚሉት የጋዝ ደመና አለ። በዓይን ብዥ ያለች ኮከብ ናት። መቶውን ፎቶ ሳደራርበው ግን ክንፍ የዘረጋ ወፍ ሆኖ ወጣ። ጫፉ ሮዝ ነው፣ መሀሉ ነጭ፣ አንድ በኩሉ በጥቁር አቧራ ተቦርቡሯል። ብርሃኑ ከዚያ ተነስቶ ጓሯችን የደረሰው 1,300 ዓመት ያህል ተጉዞ ነው። ሲነሳ የሂጅራ አቆጣጠር ገና መቶ ዓመት ገደማው ነበር ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሱብሐነላህ አልኩ።

አንድሮሜዳን ያነሳሁት በኅዳር ነው። ይህን ጋላክሲ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው የኢስፋሃኑ አብዱራህማን አል-ሱፊ ነው፣ በ964 እ.ኤ.አ.። «ትንሽ ደመና» ብሎታል። ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ ጨለማ ሰማይና ዓይኑ ብቻ። ብርሃኑ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተነሳ ነው። ከኛ ቁልቁል አፋር ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር እዚህ ቆላው ውስጥ እጁ ድንጋይ የሚጠርብ ፍጡር ነበር ማለት ነው። እርስዎ መላጊያ ይዘው ሲሠሩ ነው የታየኝ።

ከወንድሜ ደጅ ሆነው ሲያዩ እንጦጦ ይታያል አይደል? እዚያ ጋራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የኔ ሌንስ 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ግን ከእንጦጦ ሥር ያለው ያ ሁሉ የከተማ መብራት በኛ ጓሮ የለም። መብራት በሚሄድበት ሌሊት ደግሞ ጨለማው ይብሳል። ሰፈሩ ሲቸገር ደስ አይለኝም፤ ሰማዩን ሳየው ግን ልቤ ይሞላል። ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የደሴ መብራት ብቻ ይነጣል።

የፓውዛውን ነገር አስቤበታለሁ። ዶሮዎቹ ከተሰረቁ በኋላ እንዳስገጠሙት አውቃለሁ፣ ስጋትዎም ትክክል ነው። አሁን ግማሹ ብርሃን ወደ ሰማይና ወደ ጎረቤት መስኮት ነው የሚሄደው። ከዘይት ጣሳ ቆብ ቆርጬ አልብሼው በሩንና የዶሮውን ቤት ብቻ እንዲያበራ ወደ ታች አደርገዋለሁ። ፎቶ በማነሳበት ሌሊት ለጥቂት ሰዓት አጠፋዋለሁ፣ ስገባ አበራዋለሁ። እኔ ነቅቼ ጓሮ እያለሁ ሌባ አይመጣም።

ሐኪሙ የዓይንዎን ሞራ ለመግፈፍ ቀጠሮ እንደሰጠዎት ወንድሜ ነግሮኛል። ኢንሻአላህ በደህና ካለፈ በሚያዝያ ይምጡ። በሚያዝያ ምሽት በደቡብ በኩል ኦሜጋ ሴንታውሪ ይወጣል። 10 ሚሊዮን ያህል ኮከብ በአንድ ቦታ እንደ ዱቄት የተጨመቀበት ነው። ለሰሜን አውሮፓ ሰው ፈጽሞ አይወጣለትም። ከኛ ጓሮ ግን ሦስት ቡጢ ከፍ ብሎ ይቆማል። ወንበርዎን ጉድጓዱ ጋ አወጣለሁ። የኦሪዮኑን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። እስከዚያ ወንድሜ ይግለጽልዎት፣ ከተገፈፈ በኋላ ራስዎ ያዩታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሳንቃዎቹን የሠራሁት ከባህር ዛፍ ነው፤ ያገኘሁት እሱን ነበር። ጤዛ እየመታው ተጣመመ። ከማጠፊያው በኩል አንድ ጣት ያህል ተነስቷል፣ ብሎኑም እየነከሰ ነው። በሥራ ክፍሉ ጣሪያ ሥር ያስቀመጧት አንዲት የዋንዛ ሳንቃ አለች። ለምን እንዳስቀመጧት አላውቅም፣ ጠይቄዎትም አላውቅም። ከሷ ሁለት ክንድ ልቁረጥ? ለሌላ ነገር ካሰቧት ምንም አይደለም። ያኔ ጽድ ይሻላል ወይስ ወይራ? ስቆርጥስ የእንጨቱ መስመር ወደ ርዝመቱ ይሁን ወደ ጎኑ?

በወንድሜ ስልክ ድምፅዎን ቀድተው ይላኩልኝ። መልስዎ እስኪመጣ ሳንቃዋን አልነካትም።

ልጅዎ