የጣና አረንጓዴ ለድስት አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሚበላው የባሕር አረም ከጨዋማ ባሕር የሚለቀም ነው። ጣና ግን ጨው አልባ ሐይቅ ነው። በባሕር ዳር ዳርቻ አንዳንዴ ውኃው ላይ እንደ ቀለም የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ማይክሮሲስቲስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም ቢያፈሉት አይጠፋም። እባካችሁ ማንም አድርቆ እንዳይሞክረው።

ዘመድ ከውጭ የሚልከው ደረቁ የባሕር አረም ግን ለጾም ወጥ ጥሩ ነው፤ በተለይ ኮምቡ የሚባለው ወፍራሙ። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ሳይሆን ማኒቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር ስለሆነ አትጠቡት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ለ1 ሊትር ውኃ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ቁራጭ፣ 2 ግራም ገደማ፣ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ከዚያ በቀስታ እሳት አሙቁና ድስቱ ሥር ትናንሽ አረፋ ሲይዝ አውጡት። አብሮ ከፈላ ውኃው ይዝለገለጋል፣ ይመርራልም። በዚህ ውኃ የአተር ክክ አልጫ ሥሩ፤ ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ጨምሩ። በቀይ ወጥ ግን በርበሬው ስለሚሸፍነው ከንቱ ነው።

መጠኑን እንደ ጎመን በእፍኝ አትገምቱ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ 1 ግራም ኮምቡ ብቻ ከ1000 በላይ ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛውም ወደ ውኃው ይወጣል። አዮዲን ያለው ጨው እየበላን ስለሆነ ለቤተሰብ በሳምንት አንዴ ይበቃል። እርጉዝ ሴትና የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይብላው። ሂጂኪ የሚባለውን ጥቁሩን አርሰኒክ ስላለበት ጨርሶ ተዉት።

ከባሕር አረም የሚሠራው፣ ጭማቂ የሚያረጋው አጋር የሚባል ዱቄት ካላችሁ 2 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጡ። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለማሟሟት ይበቃል፤ ግን እያማሰላችሁ 5 ደቂቃ አፍሉት፤ ያልሟሟ ዱቄት ካለ አይረጋም። ከዚያ የማንጎ ወይም የፓፓያ ጭማቂ ሳይቀዘቅዝ ቀላቅሉበት። ጥሬ ፓፓያ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራውን ማርጊያ፣ ጄላቲንን፣ ያበላሻል፤ አጋርን ግን አይነካውም።

የተጠቀማችሁበትን ኮምቡ ጨው እንዳይቀርበት አለቅልቁና ቆራርጣችሁ ኮምፖስት ላይ ጣሉት። ኖሪ የሚባለውን እንደ ወረቀት የሳሳ የባሕር አረም በክረምት እርጥበት ስለሚያለሰልሰው በደንብ በሚከደን ጣሳ ከጥቂት ደረቅ ሩዝ ጋር አስቀምጡ፤ ከለሰለሰም ምጣድ ላይ ጥቂት ሰከንድ አገላብጡት።

ከባሕር ዳር