የጥንድ ዳንስ ለምትጀምሩ ደንበኞቻችን፦ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት

ድሬዳዋ፣ መስከረም

ውድ ደንበኞቻችን፤

ለጥቅምት ዙር የጀማሪዎች የጥንድ ዳንስ ክፍል የተመዘገባችሁ ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እስከ ዛሬ ደረሰኝ ቆርጠን «ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኑ» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ የመስጠት ልማድ አልነበረንም። ባለፈው ዙር ይህ ስንፍናችን አሳፈረን። አንድ ባልና ሚስት አምረውና ተውበው መጡ። ሙዚቃው ከተከፈተ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አስተማሪው «ተጣማሪ ቀይሩ» አለ። ባል ሚስቱን፣ ሚስት በሩን ተመለከቱ። በማግስቱ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ መለስን። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ተጣማሪ እንደምናቀያይር ማንም አልነገራቸውም።

ስለዚህ ነገሩን ከዚያው እንጀምረው።

ብቻችሁን መምጣት ትችላላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚመጣው እንዲያ ነው። በክፍሉ ውስጥ በየጥቂት ደቂቃው ሴቶቹ ባሉበት ቆመው ወንዶቹ አንድ ሰው ወደ ቀኝ ይሸጋገራሉ። ይህን የምናደርገው ለመተዋወቂያ አይደለም። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚለማመድ ጀማሪ የሚማረው ዳንሱን ሳይሆን የዚያን ሰው አመል ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ስህተቱን አውቆ ይሞላለታል፤ ከወር በኋላ ሁለቱም የተማሩ ይመስላቸዋል፤ ሠርግ ቤት ሌላ ሰው ሲያስነሳቸው ግን ይጠፋቸዋል። በአንድ ምሽት አምስት እጅ የጨበጠ ሰው ግን የሰጠው ምልክት መሰማት አለመሰማቱን ወዲያውኑ ያውቃል።

ይህ ግዴታ አይደለም። ከመጣችሁበት ሰው ጋር ብቻ መቆየት የምትፈልጉ ስትገቡ ለአስተማሪው ንገሩት፤ ምክንያት አትጠየቁም። በረድፉ ጫፍ ትቆማላችሁ፣ ዙሩም እናንተን ዘሎ ያልፋል። የወንድ እጅ መያዝ ለማትፈልጉ ሴቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሴት አስተማሪ የሚሰጥ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ፎቶግራፍ የማይነሳበት ክፍል አለን። በዚህ ከተማ ስለ ንክኪ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሕግ አለው፤ የማንንም ሕግ የመሻር ፍላጎት የለንም። ሴት ሲያንስ ደግሞ ወንድ ከወንድ ጋር ይለማመዳል። በዚህ የሚስቅ አንድ ሰው በየዙሩ አይጠፋም። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ታንጎ የሚባለው የጥንድ ዳንስ ባደገበት ዘመን ጎረምሶቹ ወደ አዳራሽ ከመውጣታቸው በፊት የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው እንደነበር ስንነግረው ሳቁን ያቆማል።

ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው መጨፈራቸው ለሐረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሸጎዬን ያየ ያውቀዋል። እንግዳ የሚሆነው መያያዙ ነው፤ የአንዱ እግር የሚነሳው የሌላውን አካል ሰምቶ መሆኑ። እዚህ ላይ መሪ እና ተከታይ የሚሉ ቃላት ይመጣሉ፣ ከቃላቱም ጋር ብዙ ጣጣ ይመጣል። አንዳንዱ ወንድ መሪ ሲባል በግ ከገበያ እንደሚያመጣ ሰው ይጎትታል። መሪ የሚያንቀሳቅሰው በመጀመሪያ የራሱን ክብደት ነው። ክብደቱ ወደ ግራ እግሩ ሲሄድ ደረቱ ይሄዳል፣ ደረቱ ሲሄድ ክንዱ ይሄዳል፣ ተጣማሪው ያ ይሰማታል፤ እርምጃዋን የምትራመደው ግን እሷው ናት። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ አስቡ። ከኋላ ያለው የፊተኛውን እግር አያይም፤ የፊተኛው ሲቆም ግን በጠረጴዛው በኩል ያውቃል። ክንዳችሁ ያ ጠረጴዛ ነው። እንደ ጨርቅ ከላላ ወሬ አያደርስም፣ እንደ ብረት ከደረቀ መገፋፋት ይሆናል። በአውራ ጣት ደግሞ የሰው እጅ አትቆልፉ። በየዙሩ የምንሰማው የእጅ አንጓ ሕመም አብዛኛው ከዚያ ይመጣል።

አንዳንድ ሴቶች መከተል ማለት ዓይን ጨፍኖ መወሰድ ይመስላቸውና አስቀድመው ይገምታሉ፤ ምልክቱ ሳይመጣ ይዞራሉ። ይህም ከመጎተት የማይሻል ስህተት ነው። ተከታይ መጠበቅ አለባት፤ መጠበቅ ደግሞ ከሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው። የፈለገች ሴት መምራት፣ የፈለገ ወንድ መከተል ይችላል፤ ለዚያ ብለን የተለየ ክፍያ አንጠይቅም።

አሁን ስለ ምት። ብዙዎቻችሁ «እስክስታ አውቃለሁ፣ ይህ አያቅተኝም» ትላላችሁ። ትከሻችሁ በእርግጥም ይረዳችኋል። ጆሯችሁ ግን ለጥቂት ሳምንት ያስቸግራችኋል። ከልጅነታችን የሰማነው የችክችካ ምት ስድስት ስምንተኛ የሚባለው ነው፤ ሳያቋርጥ ይንከባለላል። ሳልሳ የሚባለው የጥንድ ዳንስ ግን እስከ ስምንት ተቆጥሮ የሚረገጠው ስድስቱ ብቻ ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ዝም። በአራትና በስምንት ላይ እግር አይረገጥም። የእኛ ጀማሪ የሚሳሳተው ሁልጊዜ እዚያ ዝምታ ላይ ነው፤ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት ትምህርቱን የምንጀምረው በሳልሳ ሳይሆን በባቻታ ነው። ባቻታ ሦስት እርምጃ ሄዶ አራተኛው ላይ እግርን ነካ ወይም ዳሌን ከፍ ያደርጋል፤ ማረፊያው በግልጽ ይሰማል። የመጣው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፤ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሳልሳ ሥሩ ሶን የሚባለው የኩባ ሙዚቃ ሆኖ፣ በስሙ የገነነው በኒው ዮርክ ከካሪቢያን በፈለሱ ሰዎች መካከል ነው። በ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮችን ያዩ የከተማችን ሽማግሌዎች ሙዚቃውን ሲሰሙ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነውና ቤት ስትለማመዱ አትደነቁ።

ኪዞምባ ለምን አታስተምሩም እያላችሁ የምትጠይቁን አላችሁ። በስልካችሁ ታዩታላችሁና ያምራል። ከአንጎላ የመጣው ይህ ዳንስ በቅርብ መተቃቀፍ የሚሠራ ስለሆነ ክብደቱን ገና መሸከም ያልቻለ ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተጣማሪው ላይ መደገፍ ነው። ከሁለተኛው ዙር በፊት አናስተምረውም። ለሠርጋችሁ ቫልስ የምትፈልጉ ሙሽሮችም፣ እባካችሁ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አትምጡ። ሦስት ምት ያላት ቀላል ነገር ናት፤ ግን ቀሚሱ ረጅም ነው፣ ዘመድ ሁሉ ያያል። ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም በሉ።

ስለ ጫማ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ በትምህርት ቤታችን ጉልበት የሚጎዳው በጫማ ነውና። ወለላችን ሊሾ ነው። የስፖርት ጫማ የጎማ ሶል ሊሾውን ይነክሳል፤ ሰውነታችሁ ሲዞር እግራችሁ ቀርቶ ጉልበታችሁ ይጠመዘዛል። በካልሲ ብቻ መጨፈር ደግሞ ከመጠን ያለፈ ያንሸራትታል። በነጠላ ጫማ የሚመጣ ሰው አናስገባም፤ የሰው ተረከዝ ይረግጠዋል። ልሙጥ ሶል ያለው የቆዳ ጫማ ይበቃል፤ ለበዓል የምታደርጉት ይሆናል፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ተረከዘ ረጅም ጫማ በመጀመሪያው ወር ቤት ይቆይ። አንድ ጊዜ ወለሉ እንዲያንሸራትት ብለን ዱቄት ነስንሰንበት ነበር፤ አስተማሪያችን ራሱ በጀርባው ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ደግመን አልሞከርነውም። የሚገርመው ግን ሊሾ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ለስላሳ ማለት ነው፤ ጣልያኖች ቫልስንና ማዙርካን የመሰሉ የጥንድ ዳንሶችን የሚጠሯቸው በዚሁ ቃል ነው። እኛ ወለሉን ወሰድን፣ ዳንሱን እነሱ ጋር ተውነው ማለት ነው።

የድሬዳዋን ሙቀት ለእናንተ መንገር አያሻም። ሁለት ማራገቢያ አለን፤ አይበቁም። መቀየሪያ ሸሚዝ፣ ፎጣና ውኃ ያዙ። በላብ ላይ ሽቶ ማርከፍከፍ ከላቡ ይብሳል። ትልልቅ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ከበርጫ ተነሥታችሁ በቀጥታ የምትመጡ ካላችሁ ደግሞ በቅንነት የምንላችሁ ነገር አለ፤ ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ አፍን ያደርቃል፤ በዚያ ላይ ሙቀትና አንድ ሰዓት ተኩል እንቅስቃሴ ሲጨመር ሰው ያዞረዋል። አንከለክልም። የዳንሱን ቀን ከበርጫው ቀን ብትለዩት ግን እንመርጣለን። የልብ፣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ያለባችሁ፣ እርጉዝም የሆናችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ለአስተማሪውም ንገሩት። ተጣማሪን ወደ ላይ ማንሣትና ወደ ኋላ ማስተኛት በጀማሪ ክፍል ፈጽሞ አይፈቀድም።

ተጣማሪያችሁን አታርሙ። «በግራ ነው እኮ» ማለት የሚያምረው ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ራሱ ነው። ካመማችሁ «አመመኝ» በሉ፤ ድካም ከተሰማችሁ «ይህን ዙር ልረፍ» ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የባሰባችሁ ይመስላችኋል። በመጀመሪያው ሳምንት እግራችሁን ብቻ ታስቡ ነበር፤ በሦስተኛው እግርም፣ ሙዚቃም፣ የፊታችሁ ሰውም በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ የተማራችሁትም የጠፋ ይመስላል። ከክፍላችን የሚቀሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ የሚቀሩት በዚያ ሳምንት ነው። በአራተኛው ለምን እንዳልመጡ ደውለን እንጠይቃለን፤ ስልካችሁን አንሡ።

ክፍሉ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 2፡30 ሲሆን ለስምንት ሳምንት ይቆያል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የሚያቋርጥ ሰው የቀረውን ጊዜ ከጾሙ በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጨርሳል። መብራት ቢጠፋ አንበተንም፤ በጭብጨባ እንቆጥራለን። ጫማችሁ ይሆን እንደሆን የተጠራጠራችሁ ከዓርብ 10 ሰዓት ጀምሮ ይዛችሁት ብቅ በሉና ሊሾው ላይ ሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳንስ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር