የተለማማጅን ሥራ የሚመረምር ሰው ጊዜ ይመደብለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ቢሮ፣ አምስት አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ በተለማማጅ የሶፍትዌር መሐንዲስነት መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ብዙ ሰው ሥራችን ቀኑን ሙሉ ኮድ መጻፍ ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ሰዓት የማሳልፈው ሌሎች የጻፉትን በማንበብ፣ ስሕተት በመፈለግና በመጠየቅ ነው። በኮዱ ላይ የምናደርገውን ለውጥ የምናስቀምጠው ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. በሠራው፣ ጊት በተባለ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ሲሆን፣ ነባር ባልደረባ መርምሮ ሳያጸድቀው ከዋናው ኮድ ጋር አይቀላቀልም።

የዚህ ምርመራ ዋጋ የገባኝ አንድ የምዝገባ ቅጽ ስሠራ ነው። ወራቱን 12 ብቻ በማድረጌ ቅጹ ጳጉሜን አይቀበልም ነበር፤ በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን ሊመዘገብበት አይችልም ማለት ነው። ስሕተቱን ያገኘችው ባልደረባዬ ራሷ ከማረም ይልቅ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑንና ጳጉሜም 6 ቀን እንደሚኖራት እስክጽፈው ድረስ ጠበቀችኝ። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል በክፍል ውስጥ የተማርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ይሁን እንጂ የሥራ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ምርመራ ነው። መብራት የጠፋበት ሰዓት የሚካካሰውም ከእሱ ነው። ስለዚህ ተለማማጅ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ለነባር ባለሙያዎቻቸው በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ለዚህ ብቻ እንዲመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ
ተለማማጅ የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ ከጎንደር