ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሽንኩርት ልጣጭ የሚወጣው ቀለም

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ "ጃኬት ሳትደርቢ ወንዝ እንዳትወርጂ በላት" ብላኛለች።

ባለፈው ስትደውዪ "አባዬ፣ ያቺን የወይራ ቅጠል የምትመስል ቀለም እንዴት ነው ያወጣሃት?" አልሽኝ። ዓሣ ለማታለል መንጠቆ ላይ በላባና በክር ነፍሳት አስመስለን የምንሠራትን ፍላይ፣ የላባዋን ቀለም ማለትሽ ነው። በስልክ ቶሎ ቶሎ ተናግሬ ላልፈው አልፈለግኩም። ከደብዳቤው ጋር የላክሁልሽ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ያለው የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትጥዪው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ከተላጠው ያጠራቀምኩት ነው።

አያትሽ ለሞሶቧ አለላ ስትነክር አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አክርማውን ቀለሙ ውስጥ ትከተውና በእንጨት ታገላብጠዋለች። "ደረሰ?" ስላት "እርጥቡን አትመን፣ ሲደርቅ ነው የሚታወቀው" ትለኛለች። ያኔ ኮሎራዶ መጥቼ የዶሮ ላባ እነክራለሁ ብዬ አላሰብኩም። ነገሩ ግን ያው ነው። ላባም እርጥብ ሲሆን ጠቆር ይላል፣ ሲደርቅ ይፈካል። ስለዚህ ድስት ውስጥ ሳለ ከምትፈልጊው ትንሽ ጠቆር ሲል አውጪው።

መጀመሪያ እጠቢው። ላባ ቅባት አለው፣ የዳክዬ ደግሞ ይብሳል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እሺው፣ ከዚያ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ውሃው ላባው ላይ እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ከወረደ ገና አልጠራም፣ ድገሚው። ቅባቱ ያልለቀቀ ላባ ቀለሙን ዥንጉርጉር አድርጎ ነው የሚይዘው።

ቀጥሎ ሸብ ነው። እዚያም ሱፐርማርኬት ውስጥ ከቅመም መደርደሪያ ላይ ታገኚዋለሽ። ለ50 ግራም ላባ 5 ግራም ይበቃል። ለብ ባለ ውሃ አሟሚውና ላባውን እዚያ ውስጥ አሳድሪው። ሸቡ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎ እንዳይለቅም ያደርገዋል።

ልጣጩን አንድ ሰዓት ያህል ቀቅይው፣ አጥልይው፣ ውሃው በረድ ሲል ላባውን ጨምሪ። እሳቱን ቀስ እያልሽ ነው የምትጨምሪው። እንዳይፈላ! እኔ የመጀመሪያውን የአውራ ዶሮ አንገት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ላባው ከነቆዳው ነበር። ቸኩዬ እሳቱን ከፍ አደረግኩት። ቆዳው ተኮማትሮ እንደ ቋንጣ ደረቀ፣ ላባውም እየተነቀለ እጄ ላይ ቀረ። ብዙ ብር ያወጣሁበት ስለነበር ለቀናት አንገበገበኝ። ቆዳ ካለው ውሃው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ድስቱ ኤናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ከዚያ በኋላም ምግብ አይሠራበት።

እስካሁን ያገኘሽው ወርቃማ ቢጫ ነው። የወይራውን ቀለም የሚያመጣው ብረት ነው። የዛጉ ሚስማሮች ኮምጣጤ ውስጥ ጨምረሽ አንድ ሳምንት አስቀምጪ። ከዚያ ላባውን ከድስቱ አውጪና ከኮምጣጤው አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨምረሽ አማስዪ። አሁን ላባውን መልሺና ዓይንሽን ከድስቱ ላይ አትንቀዪ። ወርቁ ዓይንሽ እያየ ይደበዝዛል፣ አረንጓዴ ይጋባበታል። እኔ እስከ ዛሬ እዚህች ደቂቃ ላይ ስደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ብረቱን ካበዛሽ ግን ይጠቁራል፣ ላባውም ይሰባበራል።

በመጸው ደመና በሆነ ቀን ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ የምናያትን ትንሽ ነፍሳት ታስታውሻለሽ? በቁጥር 20 መንጠቆ የምንሠራት? የሆዷ ቀለም ይኸው ነው። ወንዝሽ ዳር አንዷን ይዘሽ መዳፍሽ ላይ ገልብጠሽ እያት። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከታች ነው የሚያያት፣ ስለዚህ ጀርባዋን ሳይሆን ሆዷን አስመስዪ። ሱቅ ያለው "ወይራ" ለሁሉም ወንዝ አንድ ነው፣ የኛ ግን ለዚያ ወንዝ የተነከረ ነው።

ድስት ሳይጣድ የሚወጣ ቀለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 ትዊድ ወንዝ አጠገብ፣ ስፕራውስተን በምትባል የስኮትላንድ መንደር፣ ጄምስ ራይት የሚባል ፍላይ ሠሪ ለቄስ ዊልያም ግሪንዌል አንዲት ፍላይ ሠራላቸው። ገላዋ ቢጫ የሐር ክር ብቻ ነው። ክሩ ግን በጫማ ሰፊ ሰም ሲታሽ ወደ ወይራ ቀለም ይዞራል። እስከ ዛሬ ግሪንዌልስ ግሎሪ ትባላለች። ሰሙን ጣትሽ ላይ አሙቂውና ሞክሪው።

ሌላም ልንገርሽ። በእንግሊዟ ቲቨርተን ከተማ ኦስቲን የሚባል ትምባሆ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ አንዲት ፍላይ ፈጠረ። ለገላዋ የሚሆነውን ጸጉር የሚያመጣው ከአውራ በግ፣ ከኋላ እግሮቹ መካከል ነው። እዚያ ያለው ጸጉር ቢጫነት አለው፣ ውሃም ቶሎ አይገባውም። አሠራሩን ምስጢር አድርጎ ያዘው። እሱ ሲሞት ልጁ እየሠራች መሸጧን ቀጠለች፣ ምስጢሩንም ለረጅም ዓመታት ጠበቀች። ይህን ሳነብ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። እኔ ግን ምስጢር የለኝም፣ ለጠየቀሽ ሁሉ አሳዪ።

እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጥሻል፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። አሮጌ መጽሐፍ ላይ ፒክሪክ አሲድ የሚል ካየሽ አትንኪው፣ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ነው። ወንዝ ዳር የወደቀ የዱር ወፍ ላባም ቢያምርሽ ተይው። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ የአብዛኞቹን ወፎች ላባ መያዝ ክልክል ነው፣ መሬት ላይ አገኘሁት ማለት አያድንም። ከገበሬ የምታገኚውን የዶሮ ላባ ደግሞ ብል እንዳይኖረው በፕላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀናት አቆዪው።

ሲያልቅ ጋዜጣ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ከደረቀ በኋላ አንዱን ላባ ፖስታ ውስጥ ከተሽ ላኪልኝ። ጠዋት ጠዋት ብርሃን በሚገባበት በኩሽናው መስኮት ይዤ አየዋለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ