እንጀራው የት ተጋገረ?

የኔ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ በርትታለች። ትንሿም ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ደግሞ ትጠባለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ባለፈው ስልክ ላይ "እማዬ፣ ፈረንሳይ እንዴት ነው? ኤፍል ታወርን አየሽው?" አልከኝና መልሱን ሳትሰማ "ቆይ ቆይ፣ እንግዶች መጡብኝ" ብለህ ዘጋኸው። እንግዳ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ የማስጎብኘቱ ሥራ እንዴት እንደቀዘቀዘባችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ወሬዬን ታቅፌ ቀረሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ነው። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ ለአንድ ደብዳቤ አይሰንፍም።

ኤፍል ታወርን አላየሁም። ከፓሪስ ያየሁት አውሮፕላን ማረፊያውን ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ገንፎ ሳገነፋ፣ አጥሚት ሳፈላ፣ ሕፃን ሳጥብ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ማታ የእህትህ ባል "እማማ፣ ከአራስ ቤት ወደ ቦሌ ሊመለሱ ነው እንዴ? አራት ቀን ፈቃድ አለኝ፣ ገጠሩን ላሳይዎት" አለኝ። አልፈለግኩም ነበር። ልጅቷ 80 ቀኗ አልሞላ፣ ክርስትና አልተነሳች፣ በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ምን ልበላ ነው? ግን የእህትህን ዓይን አየሁት። ቤት መዋል ሰልችቷታል። እሺ አልኩ።

እህትህ ካለችበት ከቦርዶ ወደ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ነው። ዶርዶኝ የሚባል ወንዝ አለ፣ አገሩም የሚጠራው በዚያው ስም ነው። መጀመሪያ ያረፍነው ሳርላ የምትባል ከተማ። ድንጋዩ ሁሉ የማር መልክ አለው። ጣሪያውም ድንጋይ ነው ስልህ ሸክላ እንዳይመስልህ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደራርቦ፣ አንዱ ካሬ ሜትር 500 ኪሎ እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ከሥሩ ያለውን የእንጨት ማገር አስበው። ያንን ሳስብ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ፈራሁ።

ከተማዋ ድሮ ፈራርሳ ነበር አሉ። በ1962 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) አንድሬ ማልሮ የሚባል የባህል ሚኒስትር አንድ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ አስወጣ፣ ሳርላም መጀመሪያ ከተጠገኑት አንዷ ሆነች። ሰው አሁንም ይኖርባታል። ከመካከለኛው ዘመን መስኮት ላይ የሕፃን ካልሲ ተሰጥቶ አይቻለሁ። ጋሪው ግን ኮብልስቶኑ ላይ አልሄድ አለ፤ እየተንቀጠቀጠ ልጅቷን አስለቀሰብን። እኔም ሻንጣዬ ውስጥ የሸጎጥኩትን አንቀልባ አወጣሁ። "እማ፣ እዚህ አገር ሰው ምን ይላል?" ስትል የነበረችው እህትህ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጋሪውን አጣጥፋ ተሸከመችው። አንቀልባውን ፎቶ ያነሱት ሰዎች ግንቡን ካነሱት አይተናነሱም።

ሳርላ ላይ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ምግብ ቤት ገብተን ድንች በነጭ ሽንኩርት አዘዝኩ። "ሥጋ የለውም?" ብዬ አስጠየቅኩ። የለውም ተባለ። ልጄ፣ እንደዚያ ያለ ድንች በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ነው የበላሁት። ስንወጣ የእህትህ ባል በሩ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አነበበና ዝም አለ። ምንድን ነው? የዳክዬ ስብ! አገሩ የዳክዬና የዝይ አገር ነው፤ አደባባይ ላይ ሳይቀር የነሐስ ዝይ አቁመዋል፣ እኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ለንስሐ አባቴ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ አንተ እንዳትቀድመኝ።

አሁን ወደ ግንቦቹ ልምጣ።

በወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ግንቦች ተፋጠው ቆመዋል። አንዱ ቤናክ፣ ከወንዙ 150 ሜትር ከፍ ያለ ገደል ላይ፣ ሌላው ካስቴልኖ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የመቶ ዓመት ጦርነት የሚሉትን ሲዋጉ፣ ከ1337 እስከ 1453 ማለት ነው፣ መቶም አይደለም 116 ነው፣ ቤናክ የፈረንሳይ ካስቴልኖ የእንግሊዝ ወገን ነበሩ። አንዱ የሌላውን የኩሽና ጭስ እያየ ነው የኖረው። ጎረቤት ጠላት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አልነግረውም።

ካስቴልኖ ውስጥ የጥንት የጦር መሣሪያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው ላይ ትልልቅ የድንጋይ መወርወሪያዎችን እንደገና ሠርተው አቁመዋል። ትልቅ ወንጭፍ በለው። ረጅም ግንድ ነው፣ ባንዱ ጫፍ ብዙ ቶን የሚመዝን ሳጥን፣ በሌላው ጫፍ ወንጭፍ። ሳጥኑ ሲወርድ ግንዱ ይነሳል፣ ድንጋዩ ይበራል። አስጎብኚዋ ልጅ ቢጤ ናት። ዓመተ ምሕረት አንድ ብቻ ነው የጠራችው። ከዚያ ሕፃናቱን ሰበሰበችና "ይህን ለመሳብ ስንት ሰው የሚያስፈልግ ይመስላችኋል? እነዚያ ሰዎች ምን ይበላሉ? ማን ያበስልላቸዋል?" እያለች ጠየቀቻቸው። የእህትህ ባል እያስተረጎመልኝ፣ እኔም ከሕፃናቱ ጋር እጄን አወጣሁ።

ያኔ ነው አንተን ያሰብኩህ። አንድ ጊዜ ፋሲል ግንብ ስታስጎበኝ ከኋላ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። "በ1636" ብለህ ጀመርክ፣ ነገሥታቱን በተራ ጠራህ፣ አንዲትም አልሳትክ። ኮራሁ። አሁን ግን ራሴ እንግዳ ሆኜ፣ እግሬ አብጦ፣ ፀሐይ መትቶኝ ስሰማው ቁጥሩ ባንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጆሮዬ የቆመው ኩሽና ሲባል፣ ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር ሲባል ነው። በበካፋ አዳራሽ ግብር ይበላ ነበር ትላለህ። እንጀራውስ? ለዚያ ሁሉ ሰው የት ተጋገረ? ስንት ሴት ጋገረ? እንግዶችህ ሊጠይቁህ አፍረው እንደሆነስ?

ቀጥሎ ያየነው ሚላንድ የሚባለው ነው። ይህን ባታዩ ቀረባችሁ እላለሁ። በ1489 ተሠራ። የካስቴልኖው ጌታ ሚስት ያ ጨለማና ቀዝቃዛ ምሽግ አልተመቻትም፣ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ፈለገች፣ ባልየውም ሠራላት ይላሉ። ሴትየዋ ክሎድ ትባላለች። እኔ ወደድኳት።

ግን ሰው የሚጎርፈው ለእሷ አይደለም። ጆሴፊን ቤከርን ታውቃታለህ? አሜሪካ ሴንት ሉዊስ በ1906 በድህነት የተወለደች ጥቁር ልጅ ናት። በ1925 ፓሪስ መጥታ በጭፈራ ገነነች። የሙዝ ቀሚሷን ቁም ሣጥን ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ቀሚስ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይህን ግንብ መጀመሪያ ተከራየችው፣ በ1947 ገዛችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈረንሳይ አርበኞች ትሰልል ነበር፣ መልእክቱ በማይታይ ቀለም የዘፈን ኖታ ላይ እየተጻፈ።

ከዚያ ከጃፓኑ፣ ከኮሎምቢያው፣ ከፊንላንዱ፣ ከኮትዲቯሩ፣ ከየአገሩ 12 ልጆች በጉዲፈቻ ወስዳ እዚያ አሳደገች። አስሩ ወንድ፣ ሁለቱ ሴት። ቀስተ ደመና ነገድ ትላቸው ነበር። ዕዳው ግን በላት። ግንቡ ተሸጠ፣ እሷም ኩሽናው ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች፣ በ1969 አስወጧት። ፎቶው አለ። ራሷ ላይ ኮፍያ፣ እግሯ ላይ ብርድ ልብስ፣ የኩሽናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች። እዚያው ደረጃ አጠገብ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ሦስት ደረጃ ይሁን አራት አልቆጠርኩም፣ እንባዬ ከለከለኝ። ያ ሁሉ ክፍል እያለ ምሽጓ ኩሽናው መሆኑ። በ2021 ፈረንሳዮች ታላላቆቻቸውን በሚያከብሩበት በፓንቴዮን ስሟን አስገቡ፣ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት።

መኪና ውስጥ ገብተን ስለ እሷ ሳወራ የእህትህ ባል ጉሮሮውን ጠራረገና "እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳያዝኑ" አለ። በ1935 ኢጣሊያ ሲወረን የሙሶሊኒን ፕሮፓጋንዳ አምና፣ ባሪያ ነፃ ሊያወጣ ነው ብላ፣ እሱን ደግፋ ተናግራለች አለኝ። አልተናገርኩም። አባቴ ለአርበኞች ስንቅ ያመላለሰ ሰው ነው፣ ታውቃለህ። እስከ ማረፊያችን ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። ተናድጄባታለሁ፣ ደግሞ ያቺ ደረጃ ላይ የተቀመጠችው ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ሁለቱም እውነት ነው። ኋላ ፋሺስቶችን ታግላለች፣ እሱም እውነት ነው። እኔ ብሆን ለእንግዳ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ አንተም የኛን ነገሥታት ስታወራ እያጠብክ አታውራ።

ላስኮ ዋሻ ደግሞ መጀመሪያ አናደደኝ። ትኬት ገዝተን የገባነው ዋሻው ውስጥ አይደለም፣ ቅጂው ውስጥ ነው! "ለኮፒ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?" አልኩ። ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ። በ1940 አራት ልጆች አገኙት፤ ከ17,000 ዓመት በላይ የሆነው የበሬና የፈረስ ሥዕል፣ ቀለሙ እንዳለ። ከጦርነቱ በኋላ ለሕዝብ ከፈቱት፣ ሰውም በቀን እስከ 1,200 ድረስ ይገባ ጀመር። ሥዕሉን ያበላሸው ታዲያ ሌባ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። የሰው ትንፋሽና ሙቀት። ግድግዳው አረንጓዴ አወጣ። በ1963 ያው ማልሮ ዘጋው። እኛ ያየነው ቅጂ በ2016 የተከፈተው ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅጂ መሆኑን አምስት ደቂቃ ውስጥ ረሳሁት።

ሮካማዱር ስደርስ ግን ፈረንሳይ መሆኔን ራሱ ረሳሁ። ላሊበላ ከዐለቱ ተፈልፍሎ ወጣ፣ ይኼ ደግሞ ገደሉ ላይ የተለጠፈ ነው። ወደ ቤተ መቅደሶቹ 216 ደረጃ አለው፤ ድሮ ተሳላሚዎች በጉልበታቸው ነበር የሚወጡት። እኔ በእግሬ ወጣሁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ አርፌ። እህትህ 80 ቀኗ ስላልሞላ ከደጅ ቀረች። "እማ፣ የካቶሊክ እኮ ነው" አለች። "ደጅ ደጅ ነው" አልኳት፣ እሷም አልተከራከረችም። እኔ ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ። ዘበኛው ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ።

ውስጥ እመቤታችን አለች። ከእንጨት የተቀረጸች፣ ትንሽ፣ ልጇን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች። ጥቁር ናት። ጠይም አላልኩም፣ ጥቁር። ከጣሪያው ትንንሽ መርከቦች ተንጠልጥለዋል፣ ከማዕበል የዳኑ መርከበኞች ስለት ናቸው። ባሕሩ ስንት ቀን መንገድ ነው፣ እዚህ ገደል ድረስ ስለት ይዘው መጡ። በፍልሰታ፣ ያን የዳክዬ ስብ በበላሁ በሁለተኛው ቀን፣ እዚያ ቆሜ ምን እንዳልኳት አልነግርህም። ለአንተም ጸልዬልሃለሁ። ስለ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላህ።

ፓዲራክ የሚባል ጉድጓድም ገብተናል፤ ከምድር በታች 103 ሜትር ወርዶ ወንዝ አለ፣ በጀልባ ይሄዱበታል። ነሐሴ ላይ ከላይ ሰው በሙቀት ያልባል፣ ታች 13 ዲግሪ ነው። ጋቢዬን ይዤ ስለነበር ከሁሉም ያልበረደኝ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ምንም አልልህም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር።

ፆሙ እንደተፈታ እመጣለሁ። የዳክዬ ጉበት በጣሳ አምጪልኝ ያልከውን አላመጣም፤ ስሙንም አትጥራብኝ። የዋልነት ዘይት ግን ገዝቼልሃለሁ። የእህትህ በርበሬ እያለቀ ስለሆነ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ሁለት ኪሎ ላክላት፣ ከሱቅ ሳይሆን ከእትዬ ቤት ከተፈጨው። በሩ አጠገብ ያለውን ቧንቧም አሠራው፣ ስመጣ ሲንጠባጠብ እንዳልሰማ።

እናትህ