የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ከጃክ ሌዝሊ ጋር የከረምንበት ዓመት

በመስከረም ያቀረብነው ዕቅድ ላይ ሦስት ነገሮች ነበሩ። የሙዚየም ጉብኝት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የግድግዳ ጋዜጣ። ሦስቱም ተሳክተዋል፤ ዝርዝሩ በክበቡ መዝገብ አለ። እዚህ የምጽፈው ግን ዕቅዱ ላይ ስላልነበረ፣ ዓመቱን ሙሉ አብሮን ስለከረመ አንድ ሰው ነው። ጃክ ሌዝሊ ይባላል፤ ጥቁር እንግሊዛዊ ኳስ ተጫዋች ነበር።

ልጆቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ክበብ የሚገቡት ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር እየተከራከሩ ነው። በጥቅምት አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ክርክሩን አቋርጣ፣ «ቲቸር፣ ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው ጥቁር ተጫዋች ማን ነው?» አለችኝ። ቪቭ አንደርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ጠፍቶ ነው?» አለች። መልስ አልሰጠሁም። ሂዱና ፈልጉ አልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሌዝሊን ይዘው መጡ።

ከዚህ በታች ስለ ሌዝሊ የተጻፉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሌዝሊ በ1901 በምሥራቅ ለንደን፣ ካኒንግ ታውን በሚባለው የወደብ ሠፈር ተወለደ። አባቱ ጃማይካዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። የእጅ ሙያው ቦይለር መሥራት ነበር። በባርኪንግ ታውን ተጫውቶ በ1921 ወደ ፕሊመዝ አርጋይል ክለብ ሄደ። ፕሊመዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጥግ ያለች የባሕር ኃይል ከተማ ናት። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ እዚያው ቆየ። 401 ጨዋታ፣ 137 ጎል።

ልጆቹ ጎሉን ሲቆጥሩ እኔን የያዘኝ የተጫዋቾቹ ኑሮ ነው። ለብዙ ሳምንታት የተወያየነውም በእሱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሊግ የደመወዝ ጣሪያ ነበር። ከ1922 ጀምሮ አንድ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን በውድድር ወቅት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ በበጋ እረፍት ከ6 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም። ከፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ይሻላል። ግን ተጫዋቹ የራሱ ጌታ አይደለም። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው በሊጉ ውስጥ ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም። ጣሪያው የተነሳው በ1961 ነው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በሦስተኛ ዲቪዚዮን አሥራ ምናምን ዓመት ቆየ ስንል፣ አነስ ያለ ተጫዋች ነበር ብለን እንዳንቸኩል ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

የሦስተኛ ዲቪዚዮን የደቡቡን ምድብ ሠንጠረዥ አንድ ተማሪ ቆሞ አነበበልን። ከምድቡ የሚያድገው አንደኛው ብቻ ነው። «1922፣ ፕሊመዝ ሁለተኛ። 1923፣ ሁለተኛ። 1924፣ ሁለተኛ።» ክፍሉ ሳቀ። «1925፣ ሁለተኛ። 1926፣ ሁለተኛ።» ሳቁ ቆመ። «1927፣ ሁለተኛ።» ስድስት ዓመት በተከታታይ! የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሳውዝሃምፕተን ጋር እኩል ነጥብ ይዘው በጎል ስሌት ነው የተበለጡት። በመጨረሻ በ1930 ሻምፒዮን ሆነው አደጉ። ሌዝሊ ስድስቱንም፣ ያችንም ዓመት አይቷል፤ በግራ ክንፍ ይጫወት የነበረው ስኮትላንዳዊው ሳሚ ብላክ የመጣው በ1924 ነው።

ወደ 1925 ስንመጣ ክፍሉ ከበደን። በዚያ መኸር አሰልጣኙ ቦብ ጃክ ሌዝሊን ቢሮ ጠርቶ ለእንግሊዝ መመረጡን ነገረው። በዚያን ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑን የሚመርጠው አሰልጣኝ ሳይሆን የፌዴሬሽኑ ኮሚቴ ነው። ከተማው በደስታ ተሞላ። ከቀናት በኋላ ጋዜጣ ላይ የወጣው ዝርዝር ግን ስሙ የለበትም። ጨዋታው ጥቅምት 24 ቀን ቤልፋስት ላይ ከአየርላንድ ጋር ተደርጎ 0 ለ 0 አለቀ። በዚያው ቀን ፕሊመዝ ቦርንመዝን 7 ለ 2 አሸነፈ። ከሰባቱ ሁለቱን ያገባው ሌዝሊ ነው።

ለምን ወጣ? በይፋ የነገረው ሰው የለም። እሱ ራሱ በ1978 ለጋዜጠኛ ሲናገር፣ ከፌዴሬሽኑ ሰዎች መጥተው እንዳዩት መስማቱን፣ የመጡትም ኳሱን ሳይሆን ፊቱን ሊያዩ መሆኑን ተናግሯል። እዚህ ላይ ልጆቹን አስቁሜ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን አስተማርኩ። አንድ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተናገረውን ምን ያህል እንመን? ተከራከሩ። እኔ አምነዋለሁ። ሌላ ምክንያት የሚመስል ነገር አላገኘንም።

በየካቲት አንድ አባል ከአባቱ ሱቅ ኳስ ይዞ መጣ። አባቱ ጫማ ሠሪ ናቸው። በዱሮው አሠራር ቆዳውን በቁራጭ ሰፍተው፣ ውስጡን ከመነዳሪ ከተው፣ አፉን በጠፍር አስረውታል። ውኃ ባልዲ ውስጥ ነከርነው። ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነው፤ የተነሳው ጠፍር ደግሞ በጣት ሲነካ ይቧጭራል። አንዷ በግንባሯ ልትመታው ሞከረችና አይኗን ጨፍና ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ነው የነገርኳቸው። የሌዝሊን የኳስ ዘመን የጨረሰው እንዲህ ያለ ጠፍር ዓይኑን መቶት ነው።

ከኳስ በኋላ ወደ ቦይለር ሥራው ተመለሰ። በ1960ዎቹ፣ ከእርጅናው ዘመን ላይ፣ ዌስትሃም ጫማ ክፍል ገባ። የቦቢ ሙርንና የጄፍ ኸርስትን፣ የዓለም ዋንጫ ያነሱትን ተጫዋቾች ጫማ ያጸዳ ነበር። ከአባሎቻችን አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊስትሮ ይሠራል። ጭቃ እንዴት ሳይጭር እንደሚነሳ፣ ስፌቱ ውስጥ የገባው በምን እንደሚወጣ በአንድ አሮጌ ጫማ አሳየን። ብሩሹን ካስቀመጠ በኋላ፣ «ለእነሱ ግን ስለ ራሱ ነግሯቸው ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም።

ሌዝሊ በ1988 በ87 ዓመቱ አረፈ። በጥቅምት 2022 ሰዎች ባዋጡት ገንዘብ ሐውልቱ ከፕሊመዙ ሆም ፓርክ ስታዲየም ደጅ ቆመ። በመጋቢት 2023 ደግሞ እንግሊዝ ከዩክሬን በተጫወተችበት ቀን፣ ዌምብሌይ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ተሰላፊ የሚሰጠው ቆብ ለልጅ ልጆቹ ተሰጠ። የዓመቱ መጨረሻ ክርክራችን በዚህ ላይ ነበር፤ ከ98 ዓመት በኋላ የመጣ ቆብ ምን ያደርጋል? ግማሾቹ «ቢዘገይም ይበልጣል» አሉ። የቀሩት «ለባለቤቱ ነበር» አሉ። እኔን የሚቆጨኝ ከ1978 እስከ 1988 ያለው ነው። ታሪኩን በራሱ አፍ ተናግሯል። አሥር ዓመት ሙሉ በሕይወት ነበር።

የሰኔው ዝግጅት ላይ መብራት ጠፍቶ ስላይዱን ማሳየት አልቻልንም። ልጆቹ በቃል አቀረቡት፤ ወላጆች ጸጥ ብለው አዳመጡ። የግድግዳ ጋዜጣው ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አለ። በመሐሉ ሁለት ውጤት ጎን ለጎን በትልቁ ተጽፏል፦ ቤልፋስት 0 ለ 0፣ ፕሊመዝ 7 ለ 2። ኳሱ ቢሮዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በግንቦት ሲጫወቱበት ጠፍሩ ተበጥሷል፤ የልጁ አባት በክረምቱ እንደሚጠግኑት ነግረውኛል።