የሥርዓተ ፆታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «እሺ» ብሎ መሄድን ስንማር

መስከረም ላይ ሥራ ስንጀምር አባላታችን 31 ሴቶችና 4 ወንዶች ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱን እኅቶቻቸው ናቸው ጎትተው ያመጧቸው። በየዓመቱ የምንሠራው ይታወቃል፤ የንጽሕና መጠበቂያ እናሰባስባለን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እናዘጋጃለን፣ ኅዳር 16 ቀን ነጭ ሪባን እናስራለን። ዘንድሮም ይህን አልተውንም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ የጠመኔ ካርቶን ነው።

ካርቶኑን በፕላስተር አሽገን፣ ከላይ በምላጭ ቀደን፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ሰቀልነው። «ስም ሳትጽፉ ጠይቁ» አልን። ጥቅምት ላይ ከሒሳብ ደብተር የተቀደደች ወረቀት አገኘሁ፦ «ቲቸር፣ ቦይፍሬንዴ ስልኬን በየቀኑ ይፈትሻል። ፓስወርዴንም ወስዷል። ስለሚወደኝ ነው አይደል?»

የአማርኛ መምህርት ነኝና ዓይኔ ያረፈው «አይደል?» ላይ ነው። እርግጠኛ ብትሆን ኖሮ ያቺን ቃል ባልጨመረቻት። ዓርብ ወረቀቷን ሳነበው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ካልቀና ምኑን ወደዳት?» አለ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። እኛ እስከዚያ ቀን ፖስተር የምንለጥፈው ስለ ድብደባና ስለ መደፈር ነበር። ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣው ነው። ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ኦንላይን ሆነሽ ለምን አልመለስሽልኝም? ይህን ቀሚስ አትልበሺ፤ ከዚያች ልጅ ጋር አትሂጂ። እንዲህ እየተባለች አንድም ጓደኛ ያልቀረላት ልጅ፣ የተመታች ዕለት ለማን ትናገር?

«እምቢታዋ እሺታዋ ነው» ሲባል ያልሰማ ተማሪ የለንም። ስለዚህ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 በሚከበሩት ፆታዊ ጥቃትን የመከላከያ 16 ቀናት አጭር ጭውውት ለማቅረብ ተዘጋጀን። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አንዲትን ልጅ ይጠይቃታል፤ እሷ «አልፈልግም» ትላለች፤ እሱ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ጭውውቱ በቃ ይኸው ነው። በልምምድ ጊዜ ግን ልጁ መሄድ አቃተው። «ለምን? ሌላ አለሽ እንዴ?» የሚል፣ ማንም ያልጻፈለት ነገር ከአፉ ይወጣል። ሁለተኛው ልምምድ ላይ ክንዷን ያዛት። ያዛት ያለው ሰው አልነበረም። የገዛ እጁን ትንሽ አየና ለቀቃት። ኋላ ብቻውን መጥቶ «ቲቸር፣ ዝም ብሎ መሄድ እኮ መሸነፍ ይመስላል» አለኝ። «እሺ፣ ቻው» ብሎ ዞሮ መሄድ የቻለው በአራተኛው ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሲያቀርቡት ተማሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ልጁ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሲራመድ ግን ጸጥ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት 12 ወንዶች ተመዘገቡ።

ከጥምቀት በኋላ ባህላችንን ምሳሌ ላደርግ ብዬ ስለ ሎሚ ውርወራ አነሣሁ። ሎሚውን ካላነሳችው ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ እንዴት ያለ ጨዋ ጥያቄ ነው አልኳቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «አላነሳንም ቲቸር፤ እየሰደቡን እስከ ታክሲ ሰልፍ ድረስ ተከተሉን» አለች። ንግግሬን ትቼ የቀረውን ሰዓት ስለ ለከፋ እነሱ እንዲያወሩ ተውኩ። ብዙ የተማርኩት የዚያን ዕለት ነው።

የካቲት ላይ ከፖሊስ ጣቢያ የመጡ ሳጅን ስለ ጠለፋ አስረዱን። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከጠለፋት ልጅ ጋር ከተጋባ ከክስ ይድን ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል፣ ጋብቻውም አያድነውም። ከኋላ አንዲት ልጅ «አያቴ እንደዚያ ነው ያገባችው» አለች። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም ነበር። የአያቷን እምቢታ በዚያን ጊዜ ሕጉ እንኳ አልቆጠረላትም።

አሁን ጥፋታችንን ልጻፍ። የግማሽ ዓመቱ ፈተናና እረፍት ተከታትለው ስለመጡ ካርቶኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ቆየ። ስንከፍተው «ፎቶዬን ቴሌግራም ላይ ሊለቀው ነው፣ እባካችሁ» የሚል ወረቀት ነበረበት። ማን እንደጻፈችው እስክናውቅ ልጅቷ ትምህርት አቋርጣ ነበር። ከእናቷ ጋር ተነጋገርን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ጉዳዩንም ቤተሰቧ ለፖሊስ አመለከቱ። ያ ሁለት ሳምንት ግን ከእኔ ላይ አይወርድም። ቁልፍ ያለው ሳጥን አሠርተናል፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከደወል በፊት እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ።

ለ2018 ዓ.ም. ከወላጆች ኮሚቴ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሩ የሚዘጋ ክፍል። ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ተቀምጣ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አትናገርም።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። የወንድ ልጅ ጽሑፍ ነው፦ «እምቢ አለችኝ። እሺ አልኳትና ሄድኩ። ግን ያማል። ምን ይደረጋል?» መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘንም። የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያው ዓርብ የእሱ ነው።